የሰውን ቃል በእንግሊዝኛ ስለ መንገር
(በተማሪዎች ማኅበር የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጕዳይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ሪፖርትድ ስፒች» እየተባለ የተማርነው ነው። ብዙዎቻችን ሕጉን በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ዊል» «ዉድ» ይሆናል፤ «ቱሞሮው»ም «ዘ ኔክስት ዴይ» ይሆናል እንላለን። ዳሩ ግን በስብሰባ የተባለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ ስንባል ሕጉ ይጠፋብናል። ይህም የሚሆነው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ አማርኛችን የሰውን ቃል የሚያደርስበት መንገድ ሌላ ስለ ሆነ ነው።

ለምሳሌ የማኅበር ገንዘብ ጠፍቶ አንድ ሰው ተጠየቀ እንበል። «ገንዘቡን ወስጃለሁ አለ» ብለን በአማርኛ ብንናገር፣ ወሳጁ ያ ሰው መሆኑን የሚሰማን ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረው ቃል እንዳለ ቢቀመጥም «አለ» የሚለው ግሥ ባለቤቱን ያሳውቃል። ይህንኑ ቃል በቃል ወስደን፣ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ «ሂ ሴድ ዛት አይ ሃድ ቴክን ዘ መኒ» ብለን የጻፍን እንደ ሆነ ግን፣ አንባቢው ወሳጁ ጸሐፊው ነው ብሎ ይረዳል። «አይ» በእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል ናት፤ በዚያች አንዲት ፊደል ጥፋቱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ተሻገረ! የሚገባው «ሂ ሴድ ዛት ሂ ሃድ ቴክን ዘ መኒ» ማለት ነበር።

ደግነቱ መሻገሪያው ድልድይ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ አለ። «እመጣለሁ አለኝ» የምንለውን «እንደሚመጣ ነገረኝ» ማለትም እንችላለን። በሁለተኛው አነጋገር «እኔ» የነበረው «እሱ» ሆኗል። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ከመሄዳችን በፊት ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ በ«እንደ» ብንለውጠው ግማሹ ሥራ ተፈጸመ ማለት ነው።

የቀረው ግማሽ የጊዜ ነገር ነው። እኛ «እንደሚመጣ ነገረኝ» ስንል መምጣቱን ወደ ኋላ አንስበውም፤ እንግሊዝኛው ግን ንግግሩ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ግሡንም ወደ ኋላ ይስባል፤ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዉድ ካም» ይላል። ይህም ቢሆን በጭፍን የሚደረግ አይደለም። መምህሩ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የነገሩን ትናንት ቢሆንም ነገሩ ዛሬም እውነት ነውና ግሡን ሳንለውጥ መተው ይፈቀዳል። «ነገ» የተባለውንም በዚያው ቀን የምናወራው ከሆነ «ቱሞሮው» ማለት ትክክል ነው።

በጥያቄም ላይ እንጠንቀቅ። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሲያወራ «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይላል፤ «ዱ» ትወጣለች፤ የቃሉም ተራ እንደ ተራ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። «ቴል» ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተነገረውን ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ሂ ቶልድ ሚ» እንላለን እንጂ «ሂ ሴድ ሚ» አንልም።

ልምምዱ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጥ። አንዱ ስለ ራሱ አንድ ነገር ይናገር፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው በእንግሊዝኛ ያድርስ፤ ሦስተኛው ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ሆነ ይመልስ። ከዚያ ተናጋሪው «እንዲህ ነው ያልሁት» ወይም «እንዲህ አላልሁም» ብሎ ይፍረድ። ባዶ ቦታ ከመሙላት ይልቅ ይህ ይጠቅማል፤ የቃሉ ባለቤት እፊታችን ተቀምጧልና።

በመጨረሻም ግሡን ስንመርጥ እንደምንፈርድ አንርሳ። «ሴድ» ተናገረ ማለት ነው፤ «አድሚትድ» ጥፋቱን አመነ ማለት ነው፤ «ክሌምድ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን እንደምንጠራጠር ያሳያል። ሰውየው የተናገረው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ እኛ በመረጥነው ግሥ ሊከሰስ ወይም ሊነጻ ይችላል። ነገ ከመካከላችን አንዱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላዋ ሐኪም፣ ሌላው ጋዜጠኛ ይሆናሉ፤ የሌላ ሰው ቃልም በአደራ ይሰጣቸዋል። አደራውን ሳያጐድሉ ለማድረስ ልምምዱ ከዛሬው ይጀመር።