ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ግሽ አባይ፣ ባሕር ዳር)



እድራችን የተቋቋመው የሞተን ለመቅበርና ያዘነን ለማጽናናት መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ከሞት በፊት ሕመም አለ። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው ሰውን ሳይገድል፣ በቁሙ ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ ስለሚለይ ሕመም ነው። ስሙ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል።

ስሙ ባዕድ ይሁን እንጂ ጠባዩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጉልበት ይቆረጥማል። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው ሲነሣ እንጨት ሲፈልጥ ያደረ ይመስል ይደክመዋል። ነገር ይረሳል፤ እንቅልፉ ይረበሻል። ይህ ሁሉ ከ3 ወር በላይ ይቆያል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነውን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ሴቶች ይበዙበታል። አስቸጋሪነቱ በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አለመታየቱ ነው። አንጎልና ነርቭ የሕመምን ስሜት ከልክ በላይ አጉልተው ስለሚያሰሙ የሚመጣ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ።

ታዲያ አንዲት እናት ይህን ይዛ ስትሄድ ምን ትባላለች? አንዱ “ሪህ ነው” ይላታል። ሌላው “ብርድ ነው” ይላታል። ሦስተኛው “ምንም የለብሽም፣ ሐሳብ ነው” ብሎ ይሸኛታል። ጎረቤት ደግሞ “ሥራ ጠልታ ነው” ይላል። ከሕመሙ ይልቅ የሚያቆስለው ይኸኛው ነው። በምርመራ አልታየም ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ስለዚህ ሕመም ሐሳባቸውን አሻሽለዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው መለኪያ፣ በሽተኛው ከ18 የሰውነት ነጥቦች ቢያንስ በ11ዱ ሲጫኑት ሊያመው ይገባ ነበር። በ2010 ይህ ቀርቶ የሕመሙ ስፋት፣ ድካሙና የእንቅልፉ ሁኔታ እንዲታይ ተደረገ። ሐኪሞቹ ዳግም ካዩት፣ እኛ ዳግም ብንጠይቅ ምን ነውር አለው?

ሁለተኛ ሐኪም የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የበሽታው ስም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የደም ማነስ፣ ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ፣ የአከርካሪ ነቀርሳ፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ቁርጥማት፣ ሁሉም ይህን ሊመስሉ ይችላሉ፤ የየራሳቸው ሕክምናም አላቸው። ሁለተኛ፣ ስሙ ትክክል ሆኖ ሕክምናው የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ለዚህ ሕመም አይረዱም፤ ሲዘወተሩ ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። የዳይክሎፌናክ መርፌም ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

የአውሮፓ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት መመሪያ ከሁሉ አጥብቀው የመከሩት ቀስ እያሉ የሚጨምሩትን የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ከመድኃኒትም እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለው፣ በአነስተኛ መጠን ማታ ማታ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሲወሰድ አንዳንዱን ሰው ይረዳል።

እንግዲህ አካሄዱ እንዲህ ይሁን። ካርዱን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ ራጁንና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ለመጀመሪያው ሐኪም “ሌላ ሐኪም ላማክር እፈልጋለሁ” ማለት ስድብ አይደለም፤ ደኅና ሐኪም አይቀየምም። የጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ የሪፈር ወረቀት ጠይቁ። ከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮንን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች አሏት፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ፈልጉ። እዚያም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ በሽታ ለመሆኑ ምን ያሳያል? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? መድኃኒቱን እስከ መቼ ልውሰድ? ጸበል የምትጠመቁም ብትሆኑ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ቢቆም ያሰጋል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁለተኛ ሐኪም ማለት አምስተኛና ስድስተኛ ማለት አይደለም። በየክሊኒኩ እንደ አዲስ መጀመር ገንዘብ ይጨርሳል እንጂ አያድንም። ሁለቱ ሐኪሞች ከተስማሙ እዚያው ጸንታችሁ ታከሙ። ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

በመጨረሻም ለእድራችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሰው የሚደብቀው ግን መሳቂያ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ስለዚህ የታመመውን “አስመሳይ” ማለት ይቅር። ብቻውን ለሚታከም አባል ወረቀቱን የሚያነብለትና ሐኪም ዘንድ አብሮት የሚገባ ሰው እንመድብ። ጠዋት ጠዋትም በጣና ዳር አብረን እንራመድ፤ ዋጋ የማይጠየቅበት ሕክምና ነው። ለቀብር የምንተባበረውን ያህል ለጤናም እንተባበር።