ዲስኩ እያለ ጽሑፉ እንዳይጠፋ፤ በቀድሞ ኮምፒዩተሮች መካከል ስለነበረው የዲስክና የፋይል አለመግባባት




«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር ለብዙ ዘመን ሲያገለግል የኖረ እውነት ነው። በብራና ላይ የሰፈረውን ቃል ዓይንና የፊደል ዕውቀት ያለው ሁሉ ያነበዋል፤ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አልፏቸው ዛሬም ይነበባሉ። በዲስክ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ግን ጠባዩ ከዚህ የተለየ ነው። ዲስኩ በእጅ እያለ፣ አንዳችም ጭረት ሳይነካው፣ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል። ዲስክን የሚያነበው ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነውና፤ መሣሪያውም የሚያነበው ለርሱ በሚገባው ሥርዓት የተጻፈውን ብቻ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት ኮምፒዩተሮች አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ለምን እንደተሳነው ማስረዳትና፣ ከዚያ ዘመን ተርፈው በየመሳቢያው ለቀሩት ዲስኬቶች ምን ሊደረግ እንደሚገባ ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ይህ ዲስኬት አይነበብም» የሚለው አነጋገር አራት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። እነርሱም የዲስኩ አካል፣ በዲስኩ ላይ ያለው የአጻጻፍ ስልት፣ የፋይሎቹ ማውጫ፣ በመጨረሻም የፋይሉ ይዘት ናቸው። አራቱ እንደ አራት በሮች ተከታትለው የቆሙ ስለሆኑ፣ አንዱን የከፈተ ሁሉንም ከፈተ ማለት አይደለም። ባለሙያው አስቀድሞ የትኛው በር ላይ እንደቆመ ካልለየ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

የመጀመሪያው በር የዲስኩ አካል ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1971 ያወጣው ዲስኬት ስፋቱ 8 ኢንች ነበር፤ በ1976 የሹጋርት ኩባንያ ባለ 5 ከሩብ ኢንቹን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ሶኒ ባለ 3 ከግማሽ ኢንቹን አስከተሉ። የመጠን ልዩነት ለዓይን ግልጽ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አሳሳቹ መጠናቸው አንድ የሆኑት ናቸው። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ያቀረበው ባለ 1.2 ሜጋባይት ማንበቢያ ከቀድሞው ባለ 360 ኪሎባይት ማንበቢያ ጋር አንድ ዓይነት ስፋት ያለው ዲስኬት ይቀበላል። ነገር ግን 40 በነበሩት ትራኮች ፈንታ 80 ትራኮችን ለማስፈር ሲባል የጽሕፈት ራሱ ጠቧል። ስለዚህ አዲሱ ማሽን በአሮጌው ዲስኬት ላይ ሲጽፍ በሰፊው መንገድ መካከል ጠባብ መስመር ያሰምራል፤ የቀድሞው ጽሑፍ በዳርና ዳር ይቀራል። አሮጌው ማሽን ሁለቱን በአንድነት ስለሚያነብ የሚያገኘው የተደበላለቀ ነገር ነው። ብዙ ሰነድ የተበላሸው በዚህ ዓይነት፣ በቅን ልቡና በተደረገ እርማት ነው።

ሁለተኛው በር የአጻጻፍ ስልቱ ነው። በአይ.ቢ.ኤም. 3740 ሥርዓት ባለ 8 ኢንቹ ዲስኬት 77 ትራኮች፣ በየትራኩ 26 ሴክተሮች፣ በየሴክተሩም 128 ባይቶች ነበሩት፤ ድምሩ 256,256 ባይት ነው። ጋሪ ኪልዶል በ1974 የሠራው ሲፒኤም የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይህንኑ ሥርዓት ስለተቀበለ፣ ባለ 8 ኢንቹ ዲስኬት ለልዩ ልዩ ማሽኖች የጋራ መገናኛ ሆኖ ነበር። ባለ 5 ከሩብ ኢንቹ ሲመጣ ግን ሁሉም የሚከተለው መሪ አልተገኘም። እያንዳንዱ አምራች የትራኩን፣ የሴክተሩንና የባይቱን ቍጥር እንደ ፈቃዱ ወሰነ። በዚህም ምክንያት ሁለት ማሽኖች ያንኑ ሲፒኤም እያሠሩ አንዱ የሌላውን ዲስኬት ማንበብ የማይችልበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ልዩነቱ ከቍጥርም ያለፈ ነበር። የአፕል ሁለት ዲስኬት ከ1980 ጀምሮ በ35 ትራኮች ላይ ባለ 256 ባይት 16 ሴክተሮችን፣ በጠቅላላው 143,360 ባይት ይይዝ ነበር፤ ቢቶቹን ወደ ማግኔት ምልክት የሚለውጥበት ስሌት ግን አይ.ቢ.ኤም. ከሚጠቀምበት ፈጽሞ የተለየ ነው። የኮሞዶር 1541 ማንበቢያ ረጅም በሆኑት የውጭ ትራኮች ላይ 21፣ አጭር በሆኑት የውስጥ ትራኮች ላይ 17 ሴክተሮችን ያሰፍር ነበር። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ደግሞ የዲስኬቱን የመሽከርከር ፍጥነት እንደ ትራኩ ቦታ ይለዋውጥ ነበር። እያንዳንዱ ውሳኔ በራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዱ የመሣሪያ ወጪ ለመቀነስ፣ ሌላው ጥቂት ተጨማሪ ቦታ ለማግኘት ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን ጽሑፉን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር የፈለገው ተጠቃሚ ነው። ይህ ልዩነት በመሣሪያው ውስጥ ያለ ስለሆነ በተራ ፕሮግራም ብቻ አይፈወስም። ማኪንቶሽ የአይ.ቢ.ኤም. ዓይነት ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስኬቶችን ለማንበብ የቻለው በ1988 አዲስ ማንበቢያ ሲገጠምለት ነው።

በዚህ ረገድ ዲስኬትን ከመለዋወጥ ይልቅ ማሽኖቹን በሽቦ ማነጋገር ብልህነት መሆኑ ታይቷል። በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከርሚት የተባለው የመገናኛ ደንብ ፍጹም የማይመሳሰሉ ኮምፒዩተሮች በተከታታይ መስመር ፋይል እንዲቀባበሉ አስችሏል። አሮጌው ማሽን ዛሬም የሚሠራ ከሆነና የመስመር መውጫ ካለው፣ ይህ መንገድ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በሮች በአንድ ጊዜ ያሳልፋል።

ሦስተኛው በር የፋይሎቹ ማውጫ ነው። ሲፒኤም የአንድን ፋይል ርዝመት የሚቈጥረው በ128 ባይት ክፍሎች በመሆኑ፣ ጽሑፉ በትክክል የት እንደሚያበቃ የሚታወቀው 26 በሚል መለያ ቍጥር ነበር። ኤም.ኤስ. ዶስ ግን ርዝመቱን በባይት ይመዘግባል፤ ለስምም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ የበለጠ አይፈቅድም ነበር። የማኪንቶሽ ፋይል ደግሞ ሁለት ክፍሎች ሊኖሩት ስለሚችሉ፣ ወደ ዶስ ዲስኬት ሲገለበጥ አንደኛው ክፍል በዝምታ ሊቀር ይችላል።

አራተኛው በር የፋይሉ ይዘት ነው፤ ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የቀደሙት ሲከሽፉ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ስሕተት መኖሩን ይናገራል። አራተኛው ግን ተነበበ ብሎ ሐሰት ይሰጣል። በ1963 በወጣው አስኪ ደንብ የላቲኑ ትልቁ ኤ 65 ሲሆን፣ በ1964 ከአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 ጋር በመጣው ኢብሲዲክ 193 ነው። ወርድስታር የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም በሰነዶቹ ውስጥ በቃላት መጨረሻ ፊደል ላይ 128 ይጨምር ስለነበር፣ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ቃላቱ ጅራታቸው ተለውጦ ይታያሉ። ከፊደልም ይልቅ ቍጥር ያስፈራል። የኢንቴል 8086 አነስተኛውን ባይት፣ የሞቶሮላ 68000 ደግሞ ከፍተኛውን ባይት ያስቀድማሉ። ስለዚህ በሁለት ባይት የተጻፈ 1 በሌላው ዘንድ 256 ሆኖ ይነበባል። ይህ በደመወዝ ወይም በንብረት መዝገብ ላይ ቢደርስ የሚያስከትለውን ጥፋት መገመት አያዳግትም።

የአማርኛ ሰነዶች ያለፉበት መከራ በዚሁ በር ላይ ነው። በአንድ ባይት ሊገለጹ የሚችሉት መለያዎች 256 ብቻ ሲሆኑ፣ ግማሾቹ አስቀድሞ በአስኪ ተይዘዋል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ በዚህ ላይ ይታከላሉ። ስለሆነም ፕሮግራም ሠሪዎች ፊደሉን በላቲን ቦታዎች ላይ እንደየግላቸው ደለደሉት፤ አንዳንዶቹም ለሁለት ከፍለው አሰፈሩት። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምችት ሆነ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የጋራ ቦታ ሰጠ፤ «ሀ» በዓለም ሁሉ 4608 ተባለ። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ መጪውን እንጂ ያለፈውን በራሱ አያቃናም። አሮጌው ሰነድ የሚመለሰው የያንዳንዱ ፕሮግራም የፊደል ድልድል ሰንጠረዥ ሲገኝ ነው። ሰንጠረዡ ቢጠፋ እንኳ፣ ከዚያው ፋይል በወረቀት የታተመ አንድ ቅጂ ካለ ፊደሉን ከመለያ ቍጥሩ ጋር እያስተያዩ ሰንጠረዡን እንደገና መሥራት ይቻላል። እንግዲህ አሮጌ ኅትመት መጣል ማለት ቁልፍ መጣል ነው።

ይህ ችግር የድሆች አገሮች ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. በ1986 የአገሩን ኑሮ የሚገልጽ ታላቅ ስብስብ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ፤ ምክንያቱም በ1086 የተደረገው የዶምስዴይ ቆጠራ ዘጠኝ መቶኛ ዓመት በመሆኑ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ዲስኩን ማንበብ የሚችል መሣሪያ ብርቅ ሆኖ፣ ስብስቡን ለማዳን ልዩ ምርምር አስፈለገ። የ1086ቱ መጽሐፍ ግን ያን ጊዜም ይነበብ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለሙያው የሚወጣው መመሪያ አጭር ነው። አንደኛ፣ አሮጌ ዲስኬት ከመነካቱ በፊት የጽሕፈት መከላከያው ሥራ ላይ ይዋል፤ በምንም ምክንያት አይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ከፋይሎቹ በፊት ዲስኬቱ በሙሉ፣ ሴክተር በሴክተር፣ ይገልበጥ። ተራ ማንበቢያ ከተሳነው የማግኔቱን ለውጥ እንዳለ የሚቀዱ መሣሪያዎች ዛሬ ስላሉ፣ ትርጓሜው ኋላ በፕሮግራም ሊደረስበት ይችላል። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በየትኛው ፕሮግራምና በየትኛው የፊደል ድልድል እንደተጻፈ በወረቀት ተመዝግቦ ከዲስኬቱ ጋር ይቀመጥ። አራተኛ፣ ወደ ዩኒኮድ የተመለሰው ጽሑፍ ከኅትመቱ ጋር በሰው ዓይን ይመሳከር፤ ዋናው ቅጂም አይጣል።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ሶኒ በጃፓን የዲስኬት ሽያጩን ያቆመው በ2011 ነው፤ በዲስኬቶቹ ላይ ያለው የማግኔት ምልክት በየዓመቱ ይደክማል፤ ዲስኬቶቹን የጻፉት ባለሙያዎችም ጡረታ እየወጡ፣ አንዳንዶቹም እያለፉ ናቸው። በማሽን የተጻፈ ነገር የሚወረሰው የማንበቢያው ዕውቀት አብሮ ሲወረስ ነው። ያንን ዕውቀት ጽፎ ማስተላለፍ ከዲስኬቱ ጥበቃ የማይተናነስ የዚህ ሙያ ኃላፊነት ነው።