«ዛሬስ ስንት ደቂቃ ተራመድሽ?»

 

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ይዞኝ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ፤ ኬሞም ወሰድኩ። ሕክምናው ሲያልቅ ሁሉም «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ክንዴ ይከብደኛል፣ እንቅልፍ የለኝም። የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ገና ነው።

ያኔ አንዲት ነርስ በየእሑዱ በዋትሳፕ ትደውልልኝ ጀመር። መጀመሪያ «በቀን ስንት ደቂቃ ትራመጃለሽ?» አለችኝ።

«ሲስተር፣ እኔ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ?» አልኳት።

«ሥራውም እንቅስቃሴ ነው፤ ግን ትንፋሽሽን ፈጠን የሚያደርግ እርምጃ ያስፈልግሻል።»

ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ስወጣ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብዬ ልዞር ተስማማን። ቀስ በቀስ 30 ደቂቃ ደረሰ፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ 150 ደቂቃ ማለት ነው።

ስለ ምግብም ስትጠይቀኝ አልተቆጣችኝም። በሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ የነበረውን ስኳር ወደ አንድ አወረድኩ፤ በተጠበሰ ድንች ፈንታ ምስርና ሰላጣ መብላት ጀመርኩ። ኦፕራሲዮኑ ብብቴንም ስለነካ፣ ስጠርግና ሳጥብ ጓንት እንዳደርግ፣ ክንዴ ካበጠ ቶሎ ለሐኪም እንዳሳይ ነገረችኝ።

የደበቅኋት ነገር ግን ነበር። በየቀኑ እንድውጥ የታዘዘልኝን ታሞክሲፌን አቁሜ ነበር። ሌሊት ሰውነቴ እንደ እሳት ይነድና በላብ እጠመቃለሁ፤ ሳልተኛ አድሬ ጠዋት እንዴት ልሥራ? «መድኃኒቱንስ?» ስትለኝ «እየወሰድኩ ነው» እላት ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በአራተኛው እሑድ አለቀስኩና እውነቱን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። «ይህን እኔ በስልክ አልወስንልሽም፤ ነገውኑ ለሐኪምሽ ንገሪው» አለችኝ። ነገርኩት፤ ሙቀቱን የሚያስታግስ ነገር ሰጠኝ፤ መድኃኒቱን ቀጠልኩ።

እህቶቼ፣ ከእናንተ መካከል ሕክምና የጨረሰች ካለች፣ በታከመችበት ቦታ በስልክ የሚከታተል ነርስ እንዳለ ትጠይቅ። ከሌለ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየሳምንቱ ተደዋወሉ፦ ምን በላሽ? ስንት ደቂቃ ተራመድሽ? እንቅልፍሽስ? መድኃኒትሽስ? መልሱ እውነት ይሁን። አዲስ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የማይተው ሕመም ካለ ግን ስልክ አይበቃም፤ «ማዳም ትቆጣለች» ብላችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እኔ ዛሬ እዚህ የመጣሁት 35 ደቂቃ ተራምጄ ነው።