የአውሮፓ ፓርላማ ድምፅ አሰጣጥ

የ27 አገሮች ተወካዮች የሚገኙበት የአውሮፓ ፓርላማ 720 አባላት አሉት። በስትራስቡርግ ከተማ ባለው አዳራሽ ውስጥ አባላቱ የሚቀመጡት በአገራቸው ሳይሆን በፖለቲካ ቡድናቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እጅ አውጥተው ይወስናሉ፤ ውጤቱ ካጠራጠረ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይቆጠራል። በሕግ ላይ የሚሰጠው የመጨረሻ ድምፅ ግን ከነስማቸው ይመዘገባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መራጩ ወኪሉን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለምሳሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2024 የተፈጥሮ መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ በ329 ድጋፍ፣ በ275 ተቃውሞና በ24 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። እንዲጸና ግን የአባል መንግሥታቱ ምክር ቤትም መስማማት ነበረበት። በኦክቶበር 2021 ስለ ትግራይ ሰብዓዊ ሁኔታ የወጣው ዓይነት የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ አስገዳጅ አይደለም። «ፓርላማው ወሰነ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ሕግ ይሁን የውሳኔ ሐሳብ አስቀድማችሁ አጣሩ።