የተሰወረው መንገድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ የቪዲዮ ጨዋታ ነው ስል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ወላጆች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ልጁ ደብተሩን ጥሎ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲውል ያየ ወላጅ ቢቈጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጆች አንድን ነገር ይህን ያህል ሲወዱት የሚወዱበትን ምክንያት መመርመር ከቍጣው ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሱፐር ማሪዮ ስለሚባለው ጨዋታ፤ በውስጡም ስለ ተሰወሩት ምስጢሮችና አፍቃሪዎቹ እስከ ዛሬ ስለሚከራከሩበት ጥያቄ ነው።

ይህን ጨዋታ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በመስከረም 1978 ዓ.ም.፤ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1985፤ ለገበያ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ባለ ቀይ ቆብና ባለ ሪዙ የቧንቧ ሠራተኛ ማሪዮ የተማረከችውን ልዕልት ለማስለቀቅ ይሮጣል፤ ጕድጓድ ይዘላል፤ ከእርከን ወደ እርከን ይወጣል። ጨዋታው 8 ዓለማት አሉት፤ እያንዳንዱም ዓለም 4 ምዕራፍ ስላለው በጠቅላላው 32 ምዕራፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ የተጻፈው በ40 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦታው ስለ ጠበበ ሠሪዎቹ በሰማይ ያለውን ደመናና በምድር ያለውን ቍጥቋጦ በአንድ ሥዕል ሠሩት፤ ልዩነቱ አንዱ ነጭ፤ ሌላው አረንጓዴ መሆኑ ብቻ ነው። ለብዙ ጊዜ የተጫወቱ ሰዎች እንኳ ሌላ ሰው እስኪነግራቸው ድረስ ይህን አላስተዋሉም።

የጨዋታው ዋና ፈጣሪ ሽገሩ ሚያሞቶ በልጅነቱ በኪዮቶ አቅራቢያ በምትገኘው በሶኖቤ ገጠር ሲዘዋወር ዋሻ አግኝቶ መብራት ይዞ እንደ ገባበት ተናግሯል። ያን የልጅነት ደስታ ለሌሎች ልጆች ለማካፈል ሲል በሥራው ውስጥ ብዙ የተሰወሩ ነገሮችን አኖረ።

እነዚህ ምስጢሮች የምንላቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ሠሪው ዐውቆ የሰወረው ነው። በአንደኛው ዓለም ሁለተኛ ምዕራፍ ማሪዮ ከመሬት በታች ይሄዳል። ተጫዋቹ በጣራው ላይ ወጥቶ ከመውጫው አልፎ ቢሮጥ ሦስት ቱቦዎች ያገኛል፤ እነርሱም ወደ ሁለተኛው፤ ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ዓለም ያሻግሩታል። በአራተኛው ዓለም ደግሞ እስከ ስምንተኛው የሚያደርስ ሌላ ስውር መንገድ አለ።

ሁለተኛው ከስሕተት የተወለደ ነው። በዚያው ከመሬት በታች ባለው ምዕራፍ አንድ ተጫዋች በልዩ አዘላለል ግንቡን ሰንጥቆ ከገባ ቍጥሩ ተቃውሶ ያልታሰበ ዓለም ይከፈታል። ይህም ዓለም ውኃ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጥለዋል። ጊዜው እስኪያልቅ ከመዋኘት በቀር መውጫ የለውም።

ሦስተኛው ወሬ ብቻ ነው። በሰኔ 1988 ዓ.ም. ሱፐር ማሪዮ 64 ሲወጣ የማሪዮ ወንድም ሉዊጂ በውስጡ ተደብቋል የሚል ወሬ ተነዛ። በአንድ ሐውልት ሥር ያለውን የደበዘዘ ጽሕፈት አንዳንዶቹ «ሉዊጂ በእውነት አለ» ብለው ተረጐሙት። 120ውን ኮከብ የሰበሰቡ ልጆች ሉዊጂን ፍለጋ ብዙ ደከሙ፤ ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሉዊጂን ማጫወት አልተቻለም። ሉዊጂ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ጨዋታው እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ ነው።

እውነተኛውን ምስጢር ከወሬው የምንለየው በምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው፤ በመሞከር ነው። የቱቦው መንገድ እውነት ስለ ሆነ በጃፓንም ያለ ልጅ፤ በዓለም ገናም ያለ ልጅ እንደ ተነገረው ቢያደርግ ያገኘዋል። ወሬው ግን «የጓደኛዬ ወንድም አይቶታል» ከማለት አያልፍም። መምህራኖቻችን በሳይንስ ክፍል የሚያስተምሩን ሕግም ይኸው ነው።

አሁን ወደ አፍቃሪዎቹ ክርክር ልምጣ። በቱቦው አቋርጦ የሄደ ሰው ጨዋታውን ጨርሷል ይባላልን? አንደኛው ወገን «ያላየውን ዓለም እንዴት አሸነፍሁ ይላል?» ሲል፤ ሁለተኛው ወገን «መንገዱን ያኖረው ሠሪው ራሱ ስለ ሆነ ነውር የለበትም» ይላል። በፍጥነት ለመጨረስ የሚወዳደሩትም ውድድራቸውን በሁለት ከፍለው፤ በቱቦው የሚያቋርጡትንና 32ቱን ምዕራፍ ሁሉ የሚሄዱትን ለየብቻ ይመዘግባሉ።

እኔ ስለዚህ ነገር የማስበውን ልናገር። ከተማችን የጅማውና የቡታጅራው መንገድ የሚለያዩባት ስለ ሆነች የአቋራጭን ጥቅም ለዓለም ገና ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በቱቦው የሚሄዱት ታላላቅ ተጫዋቾች ከ32 ምዕራፍ 8ቱን ብቻ ረግጠው ከ5 ደቂቃ በታች ይጨርሳሉ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱን ዝላይ እጅግ ብዙ ጊዜ የተለማመዱ ናቸው። ጀማሪው ልጅ በዚያው ቱቦ ስምንተኛው ዓለም ቢደርስ ግን ሰፊውን ጕድጓድና መዶሻ ወርዋሪዎቹን የሚቋቋምበት ልምድ ስለሌለው ወዲያው ይወድቃል። ስምንተኛው ዓለም ደረሰ ይባላል እንጂ፤ ለእርሱስ ዓለም ገና ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ነገር የጨዋታ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንደገና መሰጠቱን ታላላቆቻችን አይረሱትም። ሌሊት ሲያጠና የከረመው ተማሪ ካልሠራው ጋር አብሮ ተጉላላ። ያ መንገድ ሠሪው ለተጫዋቹ ያኖረው ቱቦ አልነበረም፤ ግንብ ተሰንጥቆ የተገባበት፤ መውጫ የሌለው ውኃ ነበር። ከዚያ ወዲህም የፈተና ሰሞን በመጣ ቍጥር «መልሱ በእጄ አለ» የሚል ወሬ በየስልካችን ሲዞር እናያለን። ብዙው ሉዊጂን እንደ መፈለግ ያለ ድካም ነው። እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያልተማረውን ልጅ ከማይችለው ዓለም አድርሶ ይጥለዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ምስጢርን የማካፈል ሥርዓትስ ከአባቶቻችን ወርሰናል። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ ወዲያው አይነገርም። ተጠያቂው አስቦ፤ ሞክሮ፤ ሲያቅተው ሀገር ሰጥቶ ነው የሚሰማው። እኛም ለታናናሾቻችን በጨዋታም ሆነ በሒሳብ መልሱን ከመንገራችን በፊት ይሞክሩት ዘንድ ጊዜ እንስጣቸው። ወላጆች ሆይ፤ እናንተም ልጃችሁ አንድ ስውር ነገር አገኘሁ ብሎ በደስታ ሲመጣ «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። በሥርዓት ማስረዳት ከቻለ የፈለገበት ጊዜ ሁሉ በከንቱ አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩን እንዲያነሣ ብታዙት በደስታ ይታዘዛል።

ትምህርት ቤታችን ገና ብዙ የምሥረታ በዓል ለማክበር ያብቃው።