ችግኝ የሚቈጠረው በግንቦት ነው፦ ስለ ጓሮ መደብና ስለ ዛፍ ሥር ጉዝጓዝ
(ለእርዳታና ለግብርና ሠራተኞች በወልድያ የተሰጠ ንግግር)




ጉዝጓዝ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በዓውደ ዓመት ከቤት ወለል ላይ የሚነሰነሰውን ቄጤማ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ አፈር ጉዝጓዝ፣ ይኸውም የጓሮ መደብንና የዛፍን ሥር ስለምናለብሰው ሣር፣ ቅጠልና አገዳ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በድርቅ አገር የተተከለ ችግኝ ለሚቀጥለው ክረምት መድረሱና አለመድረሱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ትንሽ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ ወሎን ክፉኛ ጎድቷል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሰፈራ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም ሲጓጓዝ አብላጫው ከወሎ የተነሣ ነበር፤ ያለ ፈቃዱ የሄደውም ጥቂት አልነበረም። ወደ ቀዬው ከተመለሰው መካከል የእርሻ መሬት ያላገኘ ነበር። እንዲህ ላለው ቤተሰብ የቤት ዙሪያ ጓሮ ትርፍ ሳይሆን ዋና መኖሪያው ነው።

ዛፍ መትከልን በተመለከተ አልሰነፍንም። በዚያ ዘመን በምግብ ለሥራ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። ሆኖም ሪፖርታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በሐምሌ ስለተተከለው እንጂ በግንቦት ቆሞ ስለተገኘው አይደለም። ከሐምሌ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በጋው ያልፋል፤ በልጉም አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ከወልድያ ዝቅ በሚለው በመርሳና በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል።

ጉዝጓዝ የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። የዝናብ ጠብታ ራቁት አፈርን ሲመታ ያደቅቀዋል፤ የደቀቀው አፈር ሲደርቅ ይጋገራል፤ ቀጥሎ የሚዘንበውም ውሃ ሳይሰርግ ተንሸራቶ ይሄዳል። የለበሰ አፈር ግን ጠብታውን በልባሱ ይቀበላል፤ ፀሐይም በቀጥታ ስለማታገኘው እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። አረም ይቀንሳል፤ ልባሱም ሲበሰብስ አፈሩን ይመግባል።

ይሁን እንጂ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባንም። አንድ ጊዜ ገለባ አንጥፉ ብዬ ስናገር አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ገለባውን ለጓሮዬ ካለበስሁት በሬዬ ምን ይብላ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የጤፍ ገለባ መኖ ነው፤ የማሽላ አገዳም መኖ፣ ማገዶና የአጥር መሥሪያ ነው። ስለሆነም ከገበሬው ልንጠይቅ የሚገባን ከብት ያልበላውን ትራፊ፣ ዘር ሳይይዝ የተነቀለ አረም፣ የሙዝ ቅጠልና የአጥር ቍርጥራጭ ነው። ይህም ለእርሻው ሁሉ ባይበቃ ለጓሮ መደብና ለጥቂት የፍራፍሬ ዛፎች ይበቃል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጉዝጓዝ የሚለብሰው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው፤ የደረቀ አፈር ከለበሰ የሚጠብቀው ድርቀቱን ነው። ለብርቱካን፣ ለማንጎና ለፓፓያ አራት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል፤ ነገር ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት፤ ግንዱን የነካ እርጥብ ልባስ ቅርፊቱን ያበሰብሳልና። በዘር መደብ ላይ የለበሰ ሣር ቡቃያው ብቅ እንዳለ ይነሣል፤ ችግኙ ከጠነከረ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ስስ ሆኖ ይመለሳል። ፍግ ካለም ከልባሱ በታች ይደረግ።

ምስጥን የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ምስጥ በሚበዛበት ስፍራ ልባሱን ማሳሳትና ዘወትር መመልከት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በቡርኪና ፋሶ ያሉ ገበሬዎች በተጋገረ መሬት ላይ ሣር የሚያነጥፉት ምስጥ መጥቶ አፈሩን እንዲበሳላቸው መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ስለ ፓርቴኒየም አረምም አንድ ቃል ልጨምር። ይህ አረም በአገራችን በ1970ዎቹ በእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አቅራቢያ መታየቱ ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ እንዲታመን አድርጓል። እኛ የእርዳታ ሰዎች ልናስብበት ይገባል። አበባ ያወጣ ፓርቴኒየም ለጉዝጓዝ ፈጽሞ አይሁን፤ ዘሩን በየጓሮው መዝራት ይሆናልና። የሚነቅለውም ሰው እጁን ይሸፍን።

በመጨረሻ የማቀርበው አሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለችግኝ ተከላ የምንመድበው የሥራ ቀን በሐምሌ ብቻ አይለቅ፤ ጥቂቱ ለመስከረም ጉዝጓዝ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከሪፖርታችን ላይ በግንቦት የቆመው ችግኝ ብዛት የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመር። ቍጥሩ በመጀመሪያው ዓመት ሊያሳፍረን ይችላል። ቢሆንም ሕዝቡ ጥላውንና ፍሬውን የሚያገኘው ከተተከለው ሳይሆን ከቆመው ነው።