የኑክሊየር ኃይልና የአካባቢ ጥበቃ፦ የሁለት አገሮች ተሞክሮ



የኃይል ማመንጫ ጣቢያ የሚመዘነው በሚሰጠው ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፤ የሚተወው ዝቃጭም አብሮ ሊመዘን ይገባል። የድንጋይ ከሰል ጣቢያ አመዱን በክምር ይተዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ሳንባን የሚጎዳውን ብናኝ ደግሞ በጭስ ማውጫው ወደ አየር ይበትናል። የተበተነውን የሚሰበስብ የለም። የኑክሊየር ጣቢያ ዝቃጭ በአንጻሩ እጅግ አደገኛ ቢሆንም መጠኑ ጥቂት ነው፤ ይቆጠራል፣ ይታሸጋል፣ ይጠበቃል። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባዔ በ2014 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መካከለኛ ግምት መሠረት፣ ከግንባታ እስከ ማፍረስ ያለው ተደምሮ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የድንጋይ ከሰል 820 ግራም፣ የኑክሊየር ኃይል 12 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አቻውን ይለቃሉ።

ፈረንሳይ ወደዚህ ኃይል የዞረችው ለአየር ንብረት በማሰብ አልነበረም። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲያሻቅብ ተጨነቀች፤ በማግሥቱ ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስሜር ሰፊ የግንባታ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከኤሌክትሪኳ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከኑክሊየር ጣቢያዎች ይገኝ ነበር። የጭሱ መቀነስ ሳይታሰብ የተገኘ ትርፍ ሆነ።

ጀርመን ተቃራኒውን መንገድ መረጠች። በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ አደጋ ከደረሰ በኋላ የኑክሊየር ጣቢያዎቿን በአጭር ጊዜ ለመዝጋት ወሰነች፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብላያዎች ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ዘጋች። በ2020 ያወጣችው ሕግ ግን የከሰል ጣቢያዎች እጅግ ቢዘገይ እስከ 2038 እንዲሠሩ ይፈቅዳል። በነፋስና በፀሐይ ኃይል ያገኘችው ዕድገት የሚያስመሰግናት ነው፤ ሆኖም ከዚሁ አዲስ ኃይል ከፊሉ የዋለው ከሰልን ለመተካት ሳይሆን የተዘጉትን ማብላያዎች ለመተካት ነው። ስሕተቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ የማያጨሰው ቀድሞ ተዘጋ፣ የሚያጨሰው ተራ ጠባቂ ሆነ።

የተቃዋሚዎች ሥጋት ከንቱ አይደለም። በ1986 የቼርኖቢል ማብላያ ፈንድቶ የፕሪፕያት ከተማ ያለ ነዋሪ ቀርታለች። ግንባታውም ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በፈረንሳይ በ2007 የተጀመረው ሦስተኛው የፍላማንቪል ማብላያ ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የተገናኘው በ2024 ነው። ዝቃጩ እጅግ ለረጅም ዘመን ከሰው መራቅ ስላለበት፣ ፊንላንድ በኦልኪሉዎቶ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ መቅበሪያ ፈልፍላለች።

ጉዳት የሌለበት የኃይል ምንጭ አይገኝም፤ የመሐንዲስ ድርሻ ጉዳቱን ከጉዳት ጋር ማመዛዘን ነው። በመሆኑም በደኅና የሚሠራ የኑክሊየር ጣቢያ ይዘጋ ብሎ የሚመክር ባለሙያ፣ በምትኩ የሚነደው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባዋል።